አሌክሲስ ካሬል፦ የደም ሥርን የሰፋው ሐኪምና የተተከለው ኩላሊት

በእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በጉለሌ በኩል፣ ድሆች እንዲታከሙበት ታስቦ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይገኛል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. በዚህ ሆስፒታል ውስጥ፣ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ተባባሪነት፣ በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማእከል ሥራውን ጀመረ። ከዚያ በፊት ኩላሊቱ ሥራውን ላቆመ ኢትዮጵያዊ የነበረው ምርጫ ሁለት ብቻ ነበር፤ አቅሙ እስከ ፈቀደለት ድረስ በእጥበት መቆየት፣ አለዚያም ከዘመድ ከወዳጅ ገንዘብ አሰባስቦ ወደ ባሕር ማዶ መሄድ።

ንቅለ ተከላ በሚካሄድበት ክፍል የቆመ ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ቅጽበት አለ። የደም ሥሮቹን አፍነው የያዙት መቆንጠጫዎች ሲለቀቁ ግራጫ መስሎ የነበረው ኩላሊት ወዲያው ይቀላል፤ ይወጠራል፤ ጥቂት ቆይቶም ከሽንት ቱቦው ጫፍ የመጀመሪያዋ ጠብታ ትወርዳለች። በዚያን ጊዜ በክፍሉ ያለው ሁሉ እፎይ ይላል። ደስታው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ያች ጠብታ ምን ያህል እንደምትታመን፣ ከሁሉም ይልቅ እስከ መቼ እንደምትታመን፣ አስቀድሞ በሥራው ያየው ሰው ከመቶ ዓመት በፊት በድመትና በውሻ ላይ ሲመራመር የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም አሌክሲስ ካሬል ነው። ቀዶ ሐኪሞቻችን የደም ሥር በሰፉ ቍጥር የእርሱን ፈለግ ይከተላሉ፤ የሕይወቱን ታሪክ ግን ከመካከላችን ብዙው ሰው በቅጡ አያውቀውም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ከተመለከቱት በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ካሬል የተወለደው ጁን 28 ቀን 1873 በፈረንሳይ አገር፣ በሊዮን ከተማ አጠገብ ነው። ሊዮን የሐር ከተማ ናት፤ አባቱም በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የሚተዳደር ሰው ነበር። አባቱ የሞተው ልጁ ገና የአምስት ዓመት ሕፃን ሳለ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በእናቱ እጅ አደገ። ትምህርቱን በካቶሊክ ካህናት ትምህርት ቤት ከጨረሰ በኋላ በዚያው በሊዮን ሕክምና ማጥናት ጀመረ። እስከዚህ ድረስ ከሌሎች ጓደኞቹ የሚለየው ነገር አልነበረም ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የለየው የ1894 ዓመት ነው። በጁን 24 ቀን የፈረንሳይ ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ ሊዮንን ሲጐበኙ አንድ ወጣት በጩቤ ወጋቸው። ጩቤው ከአንጀት ወደ ጉበት ደም የሚያደርሰውን ታላቁን ደም መልስ ቈርጦት ነበር። የከተማይቱ ዕውቅ ቀዶ ሐኪሞች በዙሪያቸው ተሰብስበው ሳለ ፕሬዚዳንቱ ደማቸው ፈሶ ሞቱ። በዚያ ዘመን የተቈረጠን ታላቅ የደም ሥር አስሮ መዝጋት እንጂ ሰፍቶ መመለስ የሚታወቅ ሥራ አልነበረምና ሐኪሞቹን የወቀሰ ሰው የለም። የሃያ አንድ ዓመቱ ተማሪ ካሬል ግን የደም ሥርም እንደ ማንኛውም የሰውነት ክፍል መሰፋት ይችል ነበር፤ ፕሬዚዳንቱም ሊድኑ ይችሉ ነበር ብሎ ተናገረ። ይህ አነጋገሩ በታላላቆቹ ዘንድ እንደ ድፍረት ተቈጠረበት።

ወጣቱ በተናገረው ብቻ አልቀረም። የሊዮን ሴቶች በሐር ላይ የሚሠሩትን ጥልፍ ዘወትር ያይ ነበርና ወደ አንዲት የጥልፍ ባለሙያ ሄዶ የእጅ ሥራዋን ተማረ። ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን ወፍራም መርፌና ክር ትቶ ለጥልፍ የሚያገለግለውን እጅግ ቀጭን መርፌና የሐር ክር ያዘ። ደም በክሩ ላይ እንዳይረጋ መርፌውንና ክሩን በቫዝሊን ያሸው ነበር። ከዚያም ለዘመናት ያስቸገረውን ነገር በአንድ ቀላል ዘዴ ፈታው፤ ይኸውም የሁለቱን የደም ሥሮች ጫፎች በሦስት እኩል በተራራቁ ክሮች አገናኝቶ ክሮቹን ወደ ሦስት አቅጣጫ ሲወጥራቸው ክቡ አፍ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። የተወጠረውን ቀጥ ያለ ጠርዝ መስፋት ክብ የሆነውንና የሚንሸራተተውን ጠርዝ ከመስፋት እጅግ ይቀላል፤ መርፌውም በስሕተት የፊት ለፊቱን ግድግዳ አይወጋውም። ይህን ዘዴ በ1902 በሊዮን የሕክምና መጽሔት አሳተመ። በዚያው ዓመት የውሻ ኩላሊት አውጥቶ በአንገቷ የደም ሥሮች ላይ ሰፋው። በቪዬናም ኤመሪሽ ኡልማን የተባለ ሐኪም በዚሁ ዓመት ተመሳሳይ ሥራ አሳይቷል።

ካሬል ጥልፍ በተማረበት ዘመን በእኛ አገር ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የእንጦጦን ውኃ በቧንቧ አውርዶ እንደገና ወደ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ኰረብታ በማስወጣት ሕዝቡን ያስደነቀ መሆኑ ይታወሳል። ውኃ ሽቅብ ወጣ ተብሎ በከተማው ተወራ። የካሬል ስፌትም በሕክምናው ዓለም የፈጠረው አድናቆት ከዚህ የራቀ አልነበረም። ቧንቧው ከተገጠመ በኋላ ግን ጥያቄው ስለ ቧንቧው መሆኑ ቀርቶ በውስጡ ስለሚያልፈው ነገር ይሆናል፤ ካሬልም ሳያስበው የደረሰው ከዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ከአገሩ የወጣበት ምክንያት ከሥራው ጋር እምብዛም አይገናኝም። በ1902 በሽተኞችን ይዞ ወደ ሉርድ ከሚሄድ የተሳላሚዎች ባቡር ጋር በሐኪምነት ተጕዞ፣ ልትሞት ተቃርባለች የተባለች ልጃገረድ በዓይኑ ፊት ስትሻላት አየ። ያየውንም ሳይደብቅ ተናገረ። ሃይማኖተኞቹ ተጠራጣሪ ነው አሉት፤ ባልደረቦቹ ደግሞ ተአምር አማኝ ነው ብለው ሳቁበት። በሊዮን የሆስፒታል ሹመት የማግኘት ተስፋው ስለ ጠበበ በ1904 ወደ ካናዳ ተሻገረ፤ ከዚያም ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሄደ።

በቺካጎ ቻርልስ ገትሪ ከተባለ ተመራማሪ ጋር በ1905 እና በ1906 የሠሩት ሥራ በፍጥነቱም በብዛቱም የሚያስደንቅ ነው። ከዚያም በ1906 ካሬል በኒው ዮርክ ወደሚገኘው የሮክፌለር የሕክምና ምርምር ተቋም ተዛወረ። ለዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ የሆነው ሥራ የተፈጸመው በዚያ ነው።

ካሬል በድመቶች ላይ ሁለቱን ኩላሊቶች ለየብቻ በመስፋት ፈንታ ከታላቁ ደም ቅዳና ከታላቁ ደም መልስ ቁራጭ ጋር፣ እንዲሁም ከሽንት ቱቦዎቹና ከፊኛው ጥቂት ክፍል ጋር፣ አንድ ላይ አንሥቶ ወደ ሌላ ድመት ያዛውራቸው ነበር። ከቀዶው በኋላ ድመቶቹ ይነቃሉ፤ ይበላሉ፤ ይሸናሉ። የራሳቸው ኩላሊቶች ወጥተዋልና የሚወጣው ሽንት ሁሉ የተተከለው ኩላሊት ሥራ መሆኑ አያጠራጥርም። ካሬል ሽንቱን በመጠኑ ብቻ አልመዘነውም፤ አልቡሚን ይኑርበት እንደ ሆነም ይመረምር ነበር። እዚህ ላይ ነው ሥራው የሚጠልቀው። ድመቷ ጤነኛ መስላ በምትታይበት፣ ሽንቷም በሚፈስበት ጊዜ፣ አልቡሚኑ ይታይ ነበር። ቆይቶም የምግብ ፍላጎቷ ይጠፋል፤ ትከሳለች፤ ከጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ ትሞታለች። አስከሬኗ ሲከፈት ስፌቱ ደኅና፣ የደም ሥሮቹም ክፍት ሆነው የሚገኙበት ጊዜ ነበር። የሞተው ግን ኩላሊቱ ነበር።

ይህን ከሌላው ሙከራው ጋር እናነጻጽረው። በ1908 የአንዲት ውሻን የግራ ኩላሊት አውጥቶ፣ አጥቦ፣ ከሰውነቷ ውጪ ለአንድ ሰዓት ያህል ካቆየው በኋላ ለዚያችው ውሻ መልሶ ተከለላት። ከሁለት ሳምንት በኋላም የቀኝ ኩላሊቷን አወጣ። ውሻዋ በዚያው በአንዱ ኩላሊት ከሁለት ዓመት በላይ በጤና ኖረች፤ ሁለት ጊዜም ወለደች። እጁ ያው እጅ፣ መርፌው ያው መርፌ፣ ስፌቱም ያው ስፌት ነው። የተለየው የኩላሊቱ ባለቤት ብቻ ነው። ካሬል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሌላ እንስሳ የተወሰደ አካልም ሊሰነብት ይችላል የሚል ተስፋ ነበረው፤ ሙከራው በተደጋገመ ቍጥር ግን የቀዶው ጉዳይ ያለቀ መሆኑን፣ የቀረው ሰውነት ባዕዱን አካል የሚቃወምበት ምክንያት መሆኑን ተረድቶ ይህንኑ በግልጽ አስታወቀ። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በየካ በኩል ገና ሥራ በሚጀምርበት ዘመን ይህ ሐቅ በኒው ዮርክ ተመዝግቦ ነበር ማለት ነው።

በእኔ አስተያየት ከስፌቱ ይልቅ ይህ አስተውሎቱ ይበልጥ ሊመሰገንበት ይገባል። ብዙ ተመራማሪ ሽንት መውረዱን አይቶ በደስታ ሥራውን ባቆመ ነበር። እርሱ ግን በሚሠራ ኩላሊት ውስጥ የውድቀቱን መጀመሪያ ፈለገ። ለዚህ የነበሩት መሣሪያዎች የሽንት መጠን፣ አልቡሚን፣ የእንስሳው ክብደትና በመጨረሻ አስከሬን መክፈት ብቻ ነበሩ። ዛሬ በየዕለቱ የምናዝዘው የክሪያቲኒን ምርመራ መሠረቱ የተጣለው በ1886 ነው፤ ጀርመናዊው ማክስ ያፌ ክሪያቲኒን ከፒክሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ብርቱካናማ ቀይ ቀለም እንደሚሰጥ ባገኘ ጊዜ። ኦቶ ፎሊን ይህን በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ወደ መለኪያ ለወጠው። ስፌቱና መለኪያው በአንድ ዘመን ተወልደው ሳለ በአንድ ክፍል ለመገናኘት ብዙ ዓመታት ፈጁ።

ካሬል ያየው ነገር በእንጦጦ ግርጌ ላለው ማእከላችን የሚኖረው ትርጕም ከሌላው ዓለም በጥቂቱ ይለያል። ከሞተ ለጋሽ የተወሰደ ኩላሊት በበረዶ ውስጥ ለብዙ ሰዓታት ስለሚቆይ፣ በየአገሩ ያለው ልምድ ቢለያይም፣ ከአራቱ አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ወዲያው አይነቃም፤ በሽተኛው በመጀመሪያው ሳምንት እጥበት ያስፈልገዋል። እዚያ ያሉት ሐኪሞች ጥቂት ቀን መጠበቅን ለምደዋል። በቅዱስ ጳውሎስ የተጀመረው ንቅለ ተከላ ግን ከሕያው ዘመድ በሚገኝ ኩላሊት ነው። እንዲህ ያለው ኩላሊት አብዛኛውን ጊዜ በቀዶው ጠረጴዛ ላይ ሥራውን ይጀምራል፤ ክሪያቲኒኑም ከቀን ወደ ቀን ይወርዳል። ስለዚህ አለመውረዱ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። የደም ሥሩ ረግቶ ይሆን? ሽንት ከስፌቱ ሾልኮ ወደ ሆድ ዕቃ እየገባ ይሆን? ቱቦው ታፍኖ፣ ወይስ ሰውነቱ መቃወም ጀምሮ? ወይስ በሽተኛው ፈሳሽ አንሶት ብቻ ነው? በዶፕለር አልትራሳውንድ የደሙን ፍሰት ማየት በዚህ ጊዜ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም፤ የረጋ የደም ሥር ያለው ኩላሊት የሚተርፈው በሰዓታት ውስጥ ከተደረሰበት ብቻ ነውና።

የሽንቱ ጠብታ አሳሳችነትም ካሬል ካየው በላይ ነው። እርሱ የድመቶቹን የራሳቸውን ኩላሊቶች ያወጣቸው ነበር። እኛ ግን የበሽተኛውን የደከሙ ኩላሊቶች ብዙውን ጊዜ በቦታቸው እንተዋቸዋለን። ከቀዶው በፊት በቀን አንድ ሊትር ይሸና የነበረ ሰው ከቀዶውም በኋላ አንድ ሊትር ቢሸና ያ ሽንት የማን ሥራ እንደ ሆነ ጽዋውን በማየት አይታወቅም። ነርሷ ከቀዶው በፊት የነበረውን የቀን መጠን በመዝገቡ ላይ ካላሰፈረችው ማታ ተረኛ የሚሆነው ሐኪም በከንቱ ይጽናናል።

ክሪያቲኒኑም ቢሆን የራሱ ተንኰል አለው። ምንጩ ጡንቻ ስለ ሆነ፣ በረጅም ሕመምና በእጥበት በከሳ ሰው ላይ ቍጥሩ ዝቅ ብሎ ኩላሊቱን ካለበት የተሻለ ያስመስለዋል። ከዚህም በላይ ኩላሊቱ ከተጐዳ በኋላ ቍጥሩ እስኪወጣ ጊዜ ይወስዳል። በሽንት ውስጥ ጉዳትን ፈጥነው ያሳያሉ የተባሉ አዳዲስ መለኪያዎች፣ ኤንጋል የሚባለውን የመሳሰሉ፣ በየአገሩ እየተጠኑ ናቸው፤ የክሪያቲኒንን ቦታ ግን አልወሰዱም። ትልቁ አደጋ ያለው በሽተኛው ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ነው ብል ብዙ ባልደረቦቼ ይስማሙበት ይመስለኛል። ከአዲስ አበባ በክሪያቲኒን 0.9 የወጣ ሰው ከስድስት ወር በኋላ በክፍለ አገር ሆስፒታል ተመርምሮ 1.2 ቢገኝበት፣ ላቦራቶሪው ባሳተመው ልክ ውስጥ ስለ ሆነ ጤነኛ ነህ ተብሎ ይሸኛል። ቍጥሩ የጨመረው ግን በሲሶ ነው። ለዚህ ሰው የሚነጻጸረው ልክ የላቦራቶሪው ልክ ሳይሆን የራሱ የቀድሞ ቍጥር ነው፤ ይህም ቍጥር በእጁ በሚይዘው ካርድ ላይ ካልተጻፈለት የሚያነጻጽርለት አይኖርም። የመከላከያ ኃይልን የሚገታው የታክሮሊመስ መድኃኒት በደሙ ውስጥ ያለውን መጠን መለካትና ከኩላሊቱ በመርፌ ናሙና ወስዶ መመርመርም በየከተማው የሚገኝ አገልግሎት አይደለም። ስለዚህ የዚያች ትንሽ ጭማሪ መታየት አለመታየት የኩላሊቱን፣ ኩላሊቱን ቈርሶ የሰጠውንም ዘመድ ስጦታ ዕጣ ይወስናል።

ወደ ካሬል እንመለስ። በ1912 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነበር። ገትሪ ሽልማቱን አልተካፈለም፤ ይህም ፍርድ ተገቢ አይደለም የሚሉ ዛሬም አሉ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ ከእንግሊዛዊው ኬሚስት ሄንሪ ዴኪን ጋር የቍስል ማጠቢያ ዘዴ አደራጀ፤ ብዙ ወታደሮችም እግርና እጃቸው ከመቈረጥ ዳኑ። ሚስቱ ነርስ ስለ ነበረች በዚህ ሥራ አብራው ተሰልፋለች። በ1930ዎቹ ዓመታት ደግሞ ከአብራሪው ቻርልስ ሊንድበርግ ጋር ሆኖ ከሰውነት የወጣ አካልን በሕይወት የሚያቆይ የመስታወት ፓምፕ ሠሩ።

ከዝናው ሁሉ ትልቁ ግን በ1912 ከጫጩት ልብ ወስዶ በብልቃጥ ውስጥ ያሳደገው ሥጋ ነበር። ሥጋው ከእርሱ ሞት በኋላ ጭምር እስከ 1946 ድረስ እየተቀለበ ቆየ፤ ሕዋስ አይሞትም የሚለውም እምነት በዓለም ተሰራጨ። በ1961 ሌነርድ ሄይፍሊክ ጤነኛ ሕዋስ የሚከፋፈልበት ጊዜ የተወሰነ መሆኑን አስረዳ። የካሬል ብልቃጥ ምናልባት በሚቀለበው የፅንስ ጭማቂ ውስጥ አዳዲስ ሕዋሳት እየገቡበት ነበር ተብሎ ይገመታል። በድመቶቹ ሽንት ውስጥ ትንሿን ምልክት ያልዘለለው ዓይን በዚህ ጊዜ እንዴት እንደ ተሸፈነ ያስገርማል።

ከዚህ የባሰም አለ። በ1935 ያሳተመው ስለ ሰው ልጅ የሚናገር መጽሐፍ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጕሞ እጅግ ተሸጠ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሰውን ዘር በማጥራት ስም ደካሞች እንዳይበዙ ማድረግን ደግፏል፤ ከባድ ወንጀለኞችና ወንጀል የፈጸሙ የአእምሮ ሕሙማንም በጋዝ ቢወገዱ ይሻላል እስከ ማለት ደርሷል። ሐኪም ሆኖ ይህን መጻፉን የሚያቃልል ምክንያት ማቅረብ አልችልም። በጀርመን የሆነውንም ሁላችን እናውቃለን። ወደ ፈረንሳይ ከተመለሰ በኋላ በ1941 በቪሺ መንግሥት ድጋፍ የሰውን ልጅ ችግሮች የሚያጠና ተቋም አቋቋመ። ፓሪስ በ1944 ነጻ ስትወጣ ከሥልጣኑ ታገደ፤ ከጠላት ጋር ተባብረሃል ተብሎም ተከሰሰ። ነገሩ ለፍርድ ሳይቀርብ ልቡ ደክሞ ኖቬምበር 5 ቀን 1944 ሞተ። በሊዮን በስሙ ተሰይሞ የነበረው የሕክምና ፋኩልቲ በ1996 ስሙን ለወጠ።

የተወው ጥያቄ ግን ሌሎችን ጠበቀ። በ1933 ዩሪ ቮሮኖይ በዩክሬን የመጀመሪያውን ከሰው ወደ ሰው የኩላሊት ንቅለ ተከላ አድርጎ ሕመምተኛዋ ከሁለት ቀን በኋላ ሞተች። በ1940ዎቹ ፒተር ሜዳዋር ሰውነት ባዕዱን የሚቃወመው በመከላከያ ኃይሉ መሆኑን አረጋገጠ። ዲሴምበር 23 ቀን 1954 በቦስተን ጆዜፍ መሪ ከአንድ ወንድ ወደ መንትያ ወንድሙ ኩላሊት አዛወረ፤ መንትዮቹ ፍጹም አንድ ዓይነት ስለ ነበሩ ተቃውሞ አልተነሣም፤ ኩላሊቱም ወዲያው ሠራ። የዳነው ሰው አግብቶ ልጆች ወለደ። ከስምንት ዓመት በኋላ ሞተ፤ የቀድሞዎቹን ኩላሊቶች ያጠፋበት በሽታ በተተከለውም ላይ ተመልሶበት ነበር።